ልጆች ይዞ ወደ ሳነቴ፦ የመጀመሪያው የቤተሰብ ጉዞ ወደ ባሌ ተራሮች

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሌ ተራሮች ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ከመኪናውም ከልብሱም በፊት መወሰን ያለበት ነገር በየሌሊቱ የት እንደምታድሩ ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጎባ 2,700 ሜትርን ታልፋለች። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ላይ ተዘርግቷል፤ በላዩ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ስለሚደርስ እንደ ራስ ዳሸን ከአገራችን ከፍተኛ ተራሮች አንዱ ነው። ከራስ ዳሸን የሚለየው መኪና እስከ ጫፉ መውጣቱ ነው። ቁርሱን ጎባ በልቶ የተነሳ ቤተሰብ ረፋዱ ላይ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ሊቆም ይችላል። ጉዞውን ለልጆች የሚያመቸውም፣ አደጋ ያለበት የሚያደርገውም ይኸው ነው። እግር በቀናት የሚያወጣውን ከፍታ ጎማ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል፤ ሰውነት ግን በጎማ ፍጥነት አይለምድም።

በውጭ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ የስኪ ጉዞ ነገር ይነሳባቸዋል። ረጃጅም ሰሌዳ እግር ላይ አስሮ በበረዶ ላይ መንሸራተት በኢትዮጵያ ሜዳ የለውም። ባሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ሳነቴ ላይ በረዶ ቢጥልም ፀሐይ ቶሎ ታቀልጠዋለች። ስፖርቱ ግን ኢትዮጵያዊ አላጣም፤ አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቱሪን፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች አገራችንን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው።

ስኪ የሚሄድ ጀማሪ ቤተሰብ የሚመከረው ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃውን ከመግዛት ተከራዩ፣ ልጆቹን ለአሰልጣኝ ስጡ፣ የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ቀን ብቻ ተጫወቱ። ለባሌም ይኸው ይሠራል። ፈረስ ተከራዩ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፣ የመጀመሪያውን ቀን አትጫኑት። ቀዝቃዛ ተራራ የትም ይሁን የት በጀማሪ ላይ የሚያመጣው ፈተና ተመሳሳይ ነው፤ ብርድ፣ ከፍታ፣ የደከመ ልጅ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ በባሌ ደጋ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እየተመላለሰ ይጥላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ይጠራል። ዝናብ የሌለበት ወቅት ሞቃት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ በተራራ ላይ ግን ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል። ደመና ከሌለ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ይዞ የሚያቆይላት ስለሌለ፣ ሳነቴ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። በማለዳ የወጣ ሰው ሣሩን በአመዳይ ነጭ ሆኖ፣ የኩሬዎቹን ጠርዝ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ያገኘዋል። በረዶ ለማየት የጓጉ ልጆች በእጃቸው ሰብረው የሚይዙት ይህንን ነው፤ ፀሐይ ጠንከር ስትል ስለሚጠፋ ግን ማርፈድ አይቻልም።

በጥር መጨረሻ ገደማ የሚሰጠው የመንፈቀ ዓመት እረፍት ለተማሪ ቤተሰብ የተመቸ ነው። ከዚያ በፊት በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሄዱ ክርስቲያን ቤተሰቦች የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እንደሚይዝ ያስቡበት። መጾሙ ችግር የለውም፣ ባዶ ሆድ ሆኖ ከፍታ መውጣት ግን ተገቢ አይደለም፤ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ሳነቴ የሚወጣበትን ቀን በዚያው ልክ ያሰላው። የባሌ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ረመዳን ከጉዟችሁ ጋር ከገጠመ ቀን ላይ ክፍት ምግብ ቤት እንደ ልብ አይገኝም፤ የልጆችን ምሳ ይዞ መውጣት ነው።

አዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ሮቤ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ሙሉ ቀን ማለት ነው። አንዱ መንገድ በሻሸመኔ በኩል ዶዶላንና አዳባን ይዞ ይመጣል። ሌላው ከአዳማ በአሰላና በበቆጂ ዞሮ ዶዶላ ላይ ከመጀመሪያው ጋር ይገናኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ሮቤ ይበራል፤ የበረራ ቀኖቹን አስቀድሞ ማጣራትና ሮቤ ላይ የሚጠብቅ መኪና መያዝ ያስፈልጋል። በየትኛውም ብትመጡ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደኅንነትና ሁኔታ እዚያው ላሉ ሰዎች፣ ለሆቴሉ ወይም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ማደሪያው ልመለስ፤ የዚህ ጉዞ ቁልፍ እሱ ነውና። ከአዲስ አበባ በመኪና ስትመጡ ዲንሾ ከሮቤ ቀድማ መንገድ ላይ ትጠብቃችኋለች። ጽዱና ኮሶው ያምራል፣ ፓርኩ እዚያው ነው፣ ልጆቹ ደክመዋል፤ «እዚሁ እንደር» ማለት ያጓጓል። ቢሆንም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሮቤ ወርዳችሁ እደሩ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአዲስ አበባ ልጅ ለሮቤ ከፍታ እንግዳ አይሆንም፤ ሌሊቱን ደህና ተኝቶ ይነጋለታል። በማግስቱ ቀኑን በዲንሾና በአቅራቢያው ባለው የጋይሳይ ሜዳ ታሳልፋላችሁ፤ ማታ ወርዳችሁ ሁለተኛውን ሌሊት ጎባ ታድራላችሁ። ሳነቴ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ቀን ውሎ ለመውረድ።

የተራራ ሐኪሞች የሚመክሩት ሕግ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል። የሚቆጠረው የሚታደርበት ከፍታ ነው፤ ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር እንዲያውም ሰውነትን ያለማምዳል። በዚህ ሕግ ከሄድን ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ለጀማሪ ቤተሰብ የሚሆን ነገር አይደለም። አስጎብኚ ቢያግባባችሁም፣ ጎረምሳው ልጃችሁ ቢለምናችሁም፣ ለሁለተኛው ጉዞ አቆዩት።

ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጡ ቤተሰቦች ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ሳያድር ወደ ባሌ ባይነሳ ይሻላል። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከአዳማ የሚመጣም ሮቤ ላይ ሁለት ሌሊት ይቆይ። ሮቤና ጎባ የምትኖሩ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ የለመዳችሁት ከፍታ መነሻችሁ ስለሆነ ሳነቴን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ልጆቻችሁን ልታሳዩ ትችላላችሁ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቦታ ከደጃችሁ ነው።

ከፍታው ምን ያደርጋል?

አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢሆን አንድ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከምናገኘው 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይመታል፣ ትንሽ ዳገት ያደክማል። ይህ ጤናማ ነው፤ ቆም ብሎ ማረፍ ይበቃዋል።

የከፍታ ሕመም የሚባለው ከዚህ ይለያል። ራስ ምታት ነው ዋናው፤ አብሮት ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሰው ከፍታው ላይ ከደረሰ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሳነቴን በመኪና አይቶ ከሰዓት በኋላ የሚወርድ ሰው ከሚያድረው ይልቅ ደህና የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራ ስፖርተኛ መሆን አያድንም፤ እንዲያውም ጎበዙ ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሊታመም ይችላል። ማታ ማታ አልኮል መጠጣት ነገሩን ያባብሰዋል።

ትንንሽ ልጆች «ራሴን አመመኝ» ብለው አይነግሩንም። ያለምክንያት የሚያለቅስ፣ የሚወደውን ምግብ የሚገፋ፣ ጨዋታ የተወ፣ በእናቱ ጉልበት ላይ የሚዝለፈለፍ ልጅ ሳነቴ ላይ ካያችሁ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ከከፍታው ነው ብላችሁ ያዙት። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ አብዛኛውን ሰው ያሻለዋል፤ ከሳነቴ ጎባ መውረድ ከዚያም በላይ ነው። ያመመው ሰው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ግን አንጎሉ ወይም ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል «ትንሽ እንይለት» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ወርዶ ሐኪም ቤት መግባት ነው። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ ሮቤም ሆስፒታል አላት።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር። ለከፍታ ሕመም መከላከያ የሚታዘዝ አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በተለይ ለልጆች መጠኑን መወሰን የሐኪም ሥራ ስለሆነ ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ አይገባም። አያቶችን ይዞ መሄድ ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ቤተሰቡ በሳነቴ ፈንታ በጋይሳይ ቢያሳርፋቸው እኔ እመርጣለሁ።

ከሰሉን ከመኝታ ክፍል አውጡ

ከከፍታው ይልቅ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ። ጎባና ዲንሾ ማታ ይበርዳል። ልጅ ሲንቀጠቀጥ ያየ ወላጅ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል፤ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል፤ ቤቱ ይሞቃል፣ ሁሉም ይተኛል። የከሰል ፍም የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅኑ አስቀድሞ ያነሰ ስለሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል። በየዓመቱ ብርድ በሚጠነክርበት ወቅት ቤተሰብ ሙሉ እንደዚህ ሲያልቅ በአገራችን እንሰማለን።

ምልክቱ ከከፍታ ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ያሳስታል፤ እሱም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ነው። አንድ ክፍል ያደሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ከሰሉን ጠርጥሩ፤ ወዲያው ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ሐኪም ጋ ድረሱ። ለሙቀት የሚሻለው ቀላል ነው፤ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በካልሲ ጠቅልሎ ልጁ እግር ሥር ማስቀመጥ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መጠየቅ፣ ቡልኮ ካለ ይዞ መምጣት፣ ሕፃናትን ከእናት ጋር ማስተኛት። ቡናው ሲፈላ ምድጃው ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን።

ልብሱና ስንቁ

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ጎባ ላይ 18 ዲግሪ ከሆነ ቱሉ ዲምቱ ላይ 7 ገደማ ነው፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ከዚያም የቀነሰ ይመስላል። አንድ ከባድ ካፖርት ከመልበስ ሦስት ልብስ መደራረብ ይሻላል። ከሥር ላብ የማይዝ ታይትና ካናቴራ፣ በላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ልጅ ሲሮጥ የመሐሉን ታወልቁለታላችሁ፣ ሲቆም ትመልሱለታላችሁ። ከሥር የጥጥ ልብስ አይመረጥም፤ በላብ ከራሰ አይደርቅም፣ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ጋቢ ለመኪና ውስጥና ለምሽት ወደር የለውም፤ በካፊያ ውስጥ ለብሶ መሄድ ግን እርጥብ ሸክም ነው። ለአንድ ጉዞ ብላችሁ ውድ ዕቃ አትግዙ፤ ከሳልቫጅ የሚገኙ ወፍራም ጃኬቶች ለዚህ በቂ ናቸው። ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ትርፍ ካልሲ ግን የግድ ነው። የእግር ጣቱ የራሰ ልጅ ቀይ ቀበሮም ብታሳዩት አያይላችሁም።

ፀሐዩን አትናቁት። ቅዝቃዜ ስላለ ቆዳ የሚቃጠል አይመስልም፤ ከፍታ ሲጨምር ግን ጎጂው ጨረር ይበረታል። ሰፊ ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ለፊት የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ለከንፈር ቫዝሊን ያዙ።

ስንቅ ላይ የባሌ ሰው ያወቀውን ተከተሉ። ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በተነጠረ ቅቤ የሚታሸው ጩኮ ለዚህ አገር የተሠራ ነው፤ ጥቂቱ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ አይበላሽም፣ በብርድም ይበላል። በጾም ለሆነ ሰው በሶና ቆሎ አለ። ሻይ በፔርሙዝ ሞልታችሁ ውጡ፤ ውሃም ልጆቹ ሳይጠይቁ ቶሎ ቶሎ አጠጧቸው። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እዚያ ላይ ምስር ወይም ፓስታ እቀቅላለሁ ብሎ ማሰብ ጊዜና ጋዝ ማባከን ነው፤ የበሰለ ይዛችሁ ውጡ።

የሁለተኛው ቀን ውሎ፣ ጋይሳይና ዲንሾ

ለልጆች ከሁሉ የተመቸው ቀን ይህ ነው። መንገዱ በጋይሳይ ሜዳ መሐል ያልፋል፤ ከመኪና ሳይወርዱ እንኳ የደጋ አጋዘን፣ ብዙዎች ኒያላ የሚሉት፣ ይታያል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ለውጭው ሳይንስ የተዋወቀው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ያን ያህል ትልቅ እንስሳ እስከዚያ ድረስ ሳይመዘገብ መቆየቱ ይገርማል። የቀድሞዋን የ10 ሳንቲም ገጽ ለልጆቻችሁ አሳዩዋቸው፤ በዚያ ላይ ያለው እሱ ነው። ከርከሮው ተንበርክኮ ሲግጥ፣ የምኒልክ ድኩላው ከቁጥቋጦ ሥር ሲያይ ታገኛላችሁ። ዲንሾ ላይ የፓርኩን መግቢያ ከፍላችሁ አስጎብኚ ትይዛላችሁ፤ የኒያላ አስጎብኚዎች ማኅበር አባላት የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ የትኛው እንስሳ የት እንደሚውል ያውቃሉ። ለትንሹ ልጅ ፈረስ ተከራዩ። የባሌ ልጅ በፈረስ ላይ ያድጋል፤ ፈረሱም የሰውን ልጅ ለምዷል። የፈረሱን፣ የሳቢውንና የአስጎብኚውን ዋጋ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማምታችሁ ጨርሱ።

ታላላቅ ልጆች ካሏችሁ ስለ ፊንጫ ሃበራ ንገሯቸው። በዚሁ ተራራ 3,469 ሜትር ላይ ባለ የዋሻ መጠለያ ውስጥ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን እንደኖሩ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ይፋ አድርገዋል። ያኔ የባሌ ጫፎች የበረዶ ግግር ለብሰው ነበር። ሰዎቹ ከዚያ በረዶ አቅራቢያ እሳት አንድደው የባሌን ትልቅ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር።

ሳነቴ

ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ከጎባ ተነሱ። ታንኩን ሙሉ፤ አምባው ላይ ማደያ አትጠብቁ። የስልክ ኔትወርክም ስለሚቆራረጥ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለሆቴሉ ንገሩ። መንገዱ በኮሶው ጫካ አልፎ አስታው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ዛፍ ያልቃል፣ ጅብራው ብቻውን ቆሞ ይታያል። አስታው ውስጥ ሳላችሁ መኪናውን አቁማችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አርፉ፤ ሻይ ጠጡ፣ የልጆቹን ፊት እዩ።

አምባው ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ልጆች ሁሉ ቀይ ቀበሮን ይጠይቃሉ፤ ቀበሮውን የሚያሳየው ግን ፍልፈሉ ነው። መኪናውን አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ከጉድጓዶቹ አንዱን ምረጡና ጠብቁ። ፀሐይ ስትሞቅ አፈሩ ይነቃነቃል፤ ከዚያ ጭንቅላቱ ይወጣል። ዓይኖቹ ከአናቱ ጫፍ አጠገብ ስለሆኑ ብዙ ሳይወጣ ዙሪያውን ያያል። ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ ከባሌ በቀር የትም አይገኝም። ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ጥርሱ የደረሰበትን ሣር ቆርጦ አፉን ሞልቶ ወደ ኋላ ይገባል። ቀበሮው ይህን ያውቃል። ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ፍልፈሉ በገባ ቁጥር አንድ ሁለት እርምጃ እየተጠጋ፣ ሲወጣ እየቆመ ይቀርባል፤ በመጨረሻ ተወርውሮ አፉን ጉድጓዱ ውስጥ ይሰድዳል። ብዙ ጊዜ አፈር ይዞ ይመለሳል። ይህን የሚያዩ ልጆች ዝም ብለው መቀመጥ አይከብዳቸውም።

በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ይኖራል። የሚገድለው በሽታ የሚመጣው ከቤት ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ገብቶ የባሌን ቀበሮዎች ክፉኛ ቀንሷቸዋል። ውሻችሁን ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ወደ ፓርኩ አታስገቡ። የምግብ ትርፍ አትጣሉ፣ ቀበሮውን አታባርሩ፣ ለፎቶ ብላችሁ ከመንገድ ወጥታችሁ በፍልፈሉ ጉድጓድ ላይ አትንዱ።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ልጆች ሩጫ አይወዳደሩ። ከዚያ ወይ ወደ ጎባ መመለስ፣ ወይ በሌላው ወገን በጠመዝማዛው መንገድ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን መውረድ ነው። ሐረና ቢታደር ጥሩ ነው፤ ከፍታው ዝቅ ይላል፣ አየሩ ይሞቃል፣ በደኑ ውስጥ የዱር ቡና ይበቅላል፣ ማሩም የታወቀ ነው። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ላይ መተማመን ያግለዋል። በማግስቱ ሳነቴን እንደገና ተሻግራችሁ ትመለሳላችሁ።

ለዚህ ሁሉ አምስት ሌሊት ያስፈልጋል፤ ስድስት ቢሆን ይሻላል። ትርፉ ቀን አንድ ልጅ ቢያመው ወይም አምባው በጉም ቢሸፈን የሚያድን ነው፤ ሁሉም ከሰመረ ደግሞ የዌብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈውን የሶፍ ኡመር ዋሻ ታዩበታላችሁ። ያላችሁ ሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነ ግን ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ሳነቴን አትሞክሩ። ሮቤ እደሩ፣ ጋይሳይንና ዲንሾን ለልጆቻችሁ አሳዩ፣ ሳነቴን ጊዜ ሲኖራችሁ ትመለሱበታላችሁ።